«አየር ለመቀየር» ጨንቻ ስትሄዱ የሚቀየረው ምንድን ነው?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች አንዱ ዓይነት በጣም በዝቷል። የላኪው ስም ይለያይ እንጂ ይዘቱ ያው ነው፦ «ዶክተር፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደረቴን ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል። የልብም የደምም ምርመራ አድርጌ ‹ምንም የለብሽም፣ እስኪ ትንሽ አየር ቀይሪ› ተባልኩ። የት ልሂድ?»

«የት ልሂድ» ለሚለው መልስ ሞልቷል፤ ቲክቶክ ላይ በየደቂቃው አንድ ፏፏቴ ይመጣላችኋል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው «ሄጄስ ምን ላድርግ» ስለሚለው ነው። ምክንያቱም አየር ሊቀይሩ ሄደው ከመሄዳቸው በፊት ከነበሩበት ብሰው፣ ደክመው፣ አንዳንዴም ታመው የሚመለሱ ሰዎችን በየጊዜው አያለሁ። ምሳሌዬ ጨንቻ ናት። ከአጎቴና ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሄጄ ስለነበር አካባቢው በዓይኔ ላይ አለ።

«አየር መቀየር» የሚለውን አባባል እኔ እወደዋለሁ። የኛ ሰው ብቻ አይደለም የሚለው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳይገኝ በፊት የአውሮፓ ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን እንደ ዳቮስ ወዳሉ የስዊዘርላንድ ተራሮች ይልኩ ነበር። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተራራውን እያዩ እንዲተኙ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ሲገኝና ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሲከተሉ ያ ሁሉ ሰገነት ወደ ሆቴልነት ተቀየረ። ባክቴሪያውን የሚገድለው ክኒንና መርፌው እንጂ አየሩ አልነበረማ። ታዲያ አየሩ ምንም አልሠራም ነበር ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

መጀመሪያ ስለ አየሩ እንነጋገር። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ማለትም በአንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጉዞ ከ1,400 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ ማለት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ አርባ ምንጭ ላይ በቲሸርት የወጣ ሰው ጨንቻ ሲደርስ 9 ዲግሪ ገደማ ይቀንስበታል። ጭጋጉ ሲጨመርበት ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የአካባቢው ሰው ቡልኮ የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም!

«ጨንቻ ስሄድ ብዙ ኦክስጅን አገኛለሁ» የሚል ካለ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በባሕር ወለል ላይ የምናገኘውን ኦክስጅን መቶ ብንለው፣ አርባ ምንጭ ላይ ወደ 86፣ አዲስ አበባ 75 ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 72 ገደማ ነው። የሚያሻሽለው ጭሱና አቧራው ነው። የመኪና ጭስ፣ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር እዚያ የለም። ያ ለሳንባ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን «ኦክስጅን በዛ» ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ሰው ጨንቻን «በጣም ከፍታ» ብሎ የሚፈራት ከሆነ፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን ያስታውስ። እንጦጦ ላይ ሮጣችሁ የምትመለሱ ሰዎች ጨንቻ ላይ ብዙም አትቸገሩም። ልብ ማለት ያለባቸው ከቆላ የሚመጡ፣ ከውጭ አገር ገና የገቡ ዘመዶቻችን፣ የልብ ድካም ወይም ከባድ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ደማቸው በጣም ያነሰ ሰዎችና ውስብስብ ችግር ያለባት ነፍሰ ጡር ናቸው። እነዚህ ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ለሌላው ሰው ቀላል ራስ ምታት፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክና የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ መቆራረጥ ሊያጋጥም ይችላል። ውኃ ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ፣ አረቄውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ትውከት ከመጣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረ ግን መፍትሔው መውረድ ነው። ደግነቱ መውረጃው ቅርብ ነው፤ አርባ ምንጭ እግራችሁ ሥር ናት።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ጆሯችሁ ድፍን ይላል፤ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ግፊቱን እስኪያመጣጥን ነው። ምራቅ ዋጥ አድርጉ፣ አዛጉ፣ ማስቲካ አኝኩ፤ ሕፃን የያዘች እናት ጡት ታጥባ። ማቅለሽለሽ የሚመጣው ደግሞ ዓይንና የውስጥ ጆሮ ሲጣሉ ነው። ጆሮ «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል፤ ስልክ ላይ ያፈጠጠው ዓይን «ኧረ ቆመናል» ይላል። አንጎል መሐል ላይ ሆኖ ግራ ይገባዋል፣ ሆድ ይገለበጣል። ስለዚህ ወደፊት ተቀመጡና ሩቁን እዩ። አያችሁ፣ ስልኩን ለማስቀመጥ የመጀመሪያው የሕክምና ምክንያት ገና መኪና ውስጥ ሳላችሁ መጣ።

አሁን ስለ አጎቴ ልንገራችሁ። ፈቅደውልኛል፤ «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው» ብለውኛል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ለደም ግፊት ለብዙ ዓመት ክኒን ይወስዳሉ። አርባ ምንጭ ባደርን በሁለተኛው ጠዋት፣ ወደ ጨንቻ ልንወጣ ስንል ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ክኒንዎን ወሰዱ?»

«አንቺ ልጅ፣ አየር ልቀይር መጥቼ ደግሞ ክኒን? ይሄ አየር አይበቃም?»

ለካ ከቤት ሲወጡ ሆን ብለው ትተውት ነው የመጡት! ከአዲስ አበባ በመኪና ስንመጣ መንገድ ላይ ያደርንበት ሲቆጠር ሳይወስዱ አራተኛ ቀናቸው ነበር። መለኪያዬን አውጥቼ ለካሁ፤ 172 በ100። ራስ ምታት የለም፣ ምንም የለም። «ደህና ነኝ እኮ» አሉኝ። የደም ግፊት ተንኮሉ ይሄ ነው፤ ደህና ነኝ እያስባለ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ፋርማሲ ፈልገን የሚወስዱትን መድኃኒት ገዛን፣ ያን ቀን ጉዞውን ሰረዝን፣ ከሰዓት ሐይቁን እያየን ዋልን። ጨንቻ የወጣነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ይህን የምነግራችሁ አጎቴን ለማማት አይደለም። ይሄ ነገር በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። ሰው ለዕረፍት ሲወጣ ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከክኒኑም ማረፍ ይፈልጋል። ነገር ግን ከፍታ ቦታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ግፊት ዝቅ አይልም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ብርድም የደም ሥርን ያጠብባል። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል ሕመም፣ የአስም፣ የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ ለጉዞው ቀናትና ለሦስት አራት ተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ያዙ። ሻንጣው ቢጠፋ እንዳይጠፋ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

እንግዲህ አየሩ ካልሆነ የሚያሽለው ምንድን ነው? ማየቱ ነው። መራመዱ ነው። እና ደግሞ ጊዜ ሰጥቶ መቆየቱ ነው።

ወደ ጨንቻ ስትወጡ ከግማሽ መንገድ በላይ ላይ ወደ ኋላ ዞር ብትሉ የስምጥ ሸለቆው ወለል ተዘርግቶ ይታያል። በስተግራ በኩል አባያ፣ ቀላ ያለ፣ ሻይ በወተት የመሰለ። ከእሱ ወደ ደቡብ ጫሞ፣ ሰማያዊ። በሁለቱ መካከል «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጉብታ፣ ከማዶ የነጭ ሣር ሜዳ። አጎቴ መኪናውን አስቁመው የመምህርነታቸው ነገር መጣባቸው፤ «ለምን ይመስላችኋል የአባያ ውኃ የቀላው?» ብለው ጠየቁን። ደቃቅ ደለል ነው። ከደጋው እየታጠበ በወንዞች የሚገባው አፈር ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚያ ቆመን ይመስለኛል ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነን። ማንም ምንም አልተናገረም። ከልጆቹ አንዷ ብቻ «ዓይኔ አረፈ» አለች።

እውነቷን ነው፣ በቃል ትርጉሙም ጭምር። ቅርብ ነገር ስናይ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የባንክ ወረቀት፣ ዓይናችን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ተወጥራ ትውላለች። ሩቅ ስናይ ትላላለች። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ደግሞ የምናርገበግበው በጣም ጥቂት ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ስለዚህ ሐይቅ በሩቅ ማየት ለዓይን ቃል በቃል ዕረፍት ነው። ልጆች ካሏችሁ ይሄንንም ጨምሩበት፦ በቻይና ጓንግዡ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ከቤት ውጪ የተጨመረላቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ሩቅ ያለማየት ችግር የያዛቸው ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ 30 በመቶ ገደማ ከ40 በመቶ ገደማ ጋር ሲነጻጸር።

አእምሮስ? እዚህ ላይ በጣም የምወደው ጥናት የድሮ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ፣ ሃያ ሦስት ጥንዶችን አነጻጸረ። አንዱ የተኛበት ክፍል መስኮት ዛፎች ያሳያል፤ የሌላው መስኮት የጡብ ግንብ። ዛፍ የሚያዩት ከሆስፒታል ቀደም ብለው ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። ተራራ አልወጡም፣ ዘመቻ አልሄዱም፤ አልጋቸው ላይ ሆነው በመስኮት ማየት ብቻ! ትንሽ ጥናት ነው፣ ሁሉን ነገር አያረጋግጥም። ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተሠሩት ጥናቶች በአመዛኙ ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሚጠቁሙት፤ አረንጓዴ ነገር መሐል ቀስ ብሎ መቆየት የልብ ምትን ያረጋጋል፣ ያንኑ ሐሳብ ደጋግሞ ማመንዠክን ይቀንሳል።

«ቀስ ብሎ መቆየት» ያልኩትን ያዙልኝ። ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ የታዘብኩት ሌላ ነው። አንድ ሚኒባስ ይመጣል፣ ይቆማል፣ አሥራ ሁለት ሰው ይወርዳል፣ አሥራ ሁለት ጀርባ ወደ ሐይቁ ይዞራል። ሰልፊ! ከዚያ «እንሂድ እንሂድ»። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሐይቁን ያየው ስልኩ ነው።

ፎቶ አታንሱ አልልም፤ እኔም አንስቻለሁ። ግን ሊንዳ ሄንከል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችውን ስሙ። ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌላውን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረገች። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ካዩት ያነሰ ነው ያስታወሱት። አንጎል «ስልኩ ይዞልኛል» ብሎ እጁን ያጥፋል እንደማለት ነው። የሚገርመው ግን፣ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ሰዎች ማስታወሳቸው አልቀነሰም፤ ማቅረብ ማለት ማየት ነውና። እንግዲህ የኔ ትእዛዝ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ በባዶ እጅ እዩ። ከዚያ አንድ የወደዳችሁትን ነገር መርጣችሁ አንሱ።

ከዚያ ውረዱና ተራመዱ። ጨንቻና ዶርዜ አካባቢ የእንሰት ጓሮዎች፣ የቀርከሃ አጥሮች፣ የፖም ዛፎች መሐል የሚያስኬዱ መንገዶች አሉ። የፖሙ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያመጡት ነው፤ ዛሬ «የጨንቻ አፕል» መንገድ ዳር በቅርጫት ይሸጣል። በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ብሉ። ጫማችሁ የተዘጋና የማያንሸራትት ይሁን። እዚህ ላይ ግን ስለ ጫማ ሌላ ነገር ልናገር፤ ይሄ ጉዳይ ከእንግዳው ይልቅ የባለአገሩ ነው።

አጎቴ ሐይቁ ላይ ያሳዩን ያ ቀይ አፈር እግር ያሳብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በተለምዶ ከዝሆኔ ጋር ይደባለቃል። በደጋና በወይና ደጋ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሄዱና በዘር ተጋላጭነት ያላቸው ሰዎች እግር ውስጥ ደቃቅ ማዕድን ይገባና የሊምፍ መተላለፊያውን ያቆስለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለበት ተገምቷል፤ የጋሞ ደጋና ጎረቤቱ ወላይታ በደንብ ከተጠኑት አካባቢዎች መካከል ናቸው። መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። በቃ። ከያዘም በኋላ በየቀኑ መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ብዙ ያሻሽላል።

ለምን መዝናኛ መሐል ይሄን አመጣሽ እንዳትሉኝ። ገበያ መንገድ ላይ እግራቸው ያበጠ እናት እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ አንዱ ጎብኚ ካሜራውን ሲያዞር አይቻለሁ። «ትክክለኛ የገጠር ሕይወት» መሆኑ ነው። እኒህ እናት የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አይደሉም። ሰው ስታነሱ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ተዉ። የምትለግሱት ነገር ካላችሁ ደግሞ ለልጆች ጫማ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት በኩል ስጡ።

ልጆች ስል፣ ስለ መንገዱ ልጆችም እንነጋገር። በየኩርባው እየዘለሉ፣ እየተሽከረከሩ፣ እየጨፈሩ መኪና የሚጠብቁ አሉ። ደስ ይላሉ፤ ሰውም ከመስኮት ብር ወይም ከረሜላ ይወረውራል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! ኩርባ ላይ፣ በጭጋግ፣ ሌላ መኪና ከላይ እየወረደ፣ ልጅ ለአንድ ከረሜላ መሐል አስፋልት ይገባል። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ብዙ የመኪና አደጋ ተቀብያለሁ፤ የልጅ ሲሆን አይለመድም። ሾፌራችሁን «ቀስ በልልን» በሉት፣ ሰላም በሏቸው፣ እለፉ።

ዶርዜ ላይ የቀርከሃ ቤቶቹን ሳታዩ አትመለሱ። ሲሠሩ ቁመታቸው እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ፊት ለፊት ሲታዩ የዝሆን ፊት ይመስላሉ። ምስጥ ከታች ሲበላቸው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ከቦታ ቦታም በሰው ሸክም ይነሳል። ያስገቧችሁና ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ። እሳቱ መሐል ላይ ነው፣ ጭሱ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል። ለቀርከሃው ጥሩ የሆነ ጭስ ለአስም ሕመምተኛ ጥሩ አይደለም፤ አስም ያለባችሁ በር አካባቢ ተቀመጡ፣ የምትነፉት መድኃኒት ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ጨጓራ ያለባችሁ ዳጣውን በጣት ጫፍ ቅመሱት። ሰምታችኋል፣ በጣት ጫፍ!

ሸማኔ ቤት ገብተን ቆይተን ነበር። አንድ አባት እየሠሩ አጫወቱን። የአክስቴ ልጅ «አባባ፣ እንዲህ የሚያምር አገር ላይ መኖር እንዴት ደስ ይላል!» አለቻቸው። ሳቅ አሉና «ለሚያይ ሰው ያምራል ልጄ። እኛ የምናየው እንሰቱ ደርሷል ወይ፣ ሣሩ ለከብት በቅቷል ወይ ነው» አሏት። ሣሩ ደግሞ ለጋሞ ሰው የከብት መኖ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችኋል። ያን ካወቅኩ በኋላ የጨንቻን ሜዳ ሳይ ዝም ብዬ «አረንጓዴ» ብዬ አላልፍም።

አንድ ሌላ የማስጠንቀቂያ ቃል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ተዳፋት ላይ ኦቾሎ የምትባል ቀበሌ አለች፤ በሕክምናው ዓለም የቆዳ ሌሽማንያሲስ (ቁንጭር) ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት፤ ጥገኛ ተውሳኩን የሚያቆየው ደግሞ ገደል ላይ የሚኖረው ሽኮኮ ነው። አልፋችሁ ስትሄዱ የሚያሰጋ ነገር የለም። ግን ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ብላችሁ ሽኮኮ የሚኖርበት ዋሻና ድንጋይ ላይ እጅና እግር ገልጣችሁ አታምሹ። ከወራት በኋላ ፊታችሁ ወይም ክንዳችሁ ላይ የማያም፣ ግን የማይድን ቁስል ከወጣ ለሐኪም አሳዩ፤ የት እንደነበራችሁም ተናገሩ።

አሁን ደግሞ «ዶክተር፣ አርባ ምንጭ መሄጃ ገንዘብም ፈቃድም የለኝም» ለምትሉት። ይሄ ጥያቄ ነው ዋናው፤ አብዛኞቻችሁ እዚህ ናችሁና። በእንግሊዝ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መሐል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችንና ስሜታችን ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓትም ይሁን በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ ለውጥ አላመጣም። ጥናቱ «ዛፍ ማየት በሽታን አዳነ» አይልም፤ ጤነኛ ሰው ራሱ ብዙ ሊወጣ ይችላል። ሆኖም ጉዳት የለውም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ዓመት ጠብቆ ከሚመጣ የአራት ቀን ጉዞ ይልቅ እኔ በየሳምንቱ የሚገኘውን 120 ደቂቃ እመርጥላችኋለሁ።

እዚያው አዲስ አበባ ላይ እንጦጦ አለ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፣ ብሔረ ጽጌ አለ፣ የወዳጅነት ፓርክ አለ። መግቢያ የሚያስከፍለው ከከበዳችሁ ዛፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሰፈር ወንዝ ዳር፣ የቢሮ ጓሮ ይሆናል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሽሮ ሜዳን ታልፋላችሁ፤ ሸማ የሚሸጥበት፣ ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። እኔ ከጨንቻ ከተመለስኩ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ በኩል በእግር እወጣለሁ። ስልኬ በረራ ሁነታ ላይ ይሆናል። (ተረኛ ከሆንኩ አይደለም፤ ሆስፒታሉ ይጣላኛል።)

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ሁሉም «አየር ቀይሪ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ስትሠሩ ወይም ስትራመዱ የሚመጣና ስታርፉ የሚተው የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ተራራ ሳይሆን ሆስፒታል ነው የምትሄዱት፤ ዛሬውኑ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘን፣ የምትወዱትን ነገር መጥላት፣ እንቅልፍና ምግብ መዛባት ካለ ደግሞ የሚታከም ሕመም ነውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ እዩ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ካለ ለብቻችሁ አትጓዙ፣ ለብቻችሁም አትሁኑ፤ ለቅርብ ሰው አሁኑኑ ንገሩ፣ አብራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በመጨረሻ ወባ። ጨንቻ ደጋ ስለሆነች ወባ እምብዛም አያሰጋም። ግን አብዛኛው ጎብኚ ቀን ጨንቻ ውሎ ሌሊት የሚያድረው አርባ ምንጭ ነው፤ አርባ ምንጭ ደግሞ የወባ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 በመላ አገሪቱ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል። ሐይቅ ዳር ስታመሹ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፣ ቀዳዳውን አይታችሁ ተኙ። ከተነደፋችሁ በኋላ ሕመሙ ለመውጣት ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ አንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ማለትም ትኩሳቱ የሚመጣው ቤታችሁ ከገባችሁ፣ ፎቶውን ከለጠፋችሁ፣ ጉዞውን ከረሳችሁት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሐኪም ደግሞ ካልነገራችሁት «ጉንፋን ነው፣ ታይፎይድ ነው» ሊል ይችላል። ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ካተኮሳችሁ፣ ራሳችሁን ካመማችሁ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፤ ገና ከበሩ ስትገቡም «አርባ ምንጭ ነበርኩ» በሉ።

ስለ ስኳር ሕመምተኞች ጉዞ፣ በተለይ ኢንሱሊንን በሙቀት አገር እንዴት መያዝ እንደሚቻል የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ እመለስበታለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። መልካም ጉዞ!